ቀብድ ያልከፈለ አልወደደውም፦ የጥርስ ሳሙና እንክብል ሥራዬ በደብረ ማርቆስ

የጎጃም ሰው ጥርሱን በወይራ፣ በክትክታ፣ በልምጭ መፋቂያ ሲፋቅ የኖረ ነው፤ ኮልጌት የሚገዛውም ኪሱ ውስጥ መፋቂያ አያጣም። ከዕፅዋት የተሠራ፣ በእንክብል መልክ የሚታኘክ የጥርስ ሳሙና ልሥራ ብዬ ስነሳ መወዳደሪያዬ መፋቂያው እንደሆነ አውቄ ነው።

መሠረቱ የተጣራ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከጥርስ ሽፋን ስለሚለሰልስ ጥርሱን ሳይቧጥጥ ቆሻሻውን ያነሳል። ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ፣ ለጣዕም ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ፣ ትንሽ አረፋ ሰጪ፣ ከዚያ የላመ ጦስኝና ቅርንፉድ ገባበት። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጀኖል አፍ ስለሚያደነዝዝ መጠኑ ማነስ አለበት። ሲትሪክ አሲድ ቢጨመርበት አረፋው ያምራል፤ ግን በሐምሌ እርጥበት ከሶዳው ጋር ብልቃጥ ውስጥ እያለ መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ አወጣሁት፤ አረፋው ቀነሰ፣ እንክብሉ ግን ክረምቱን ቻለ።

ፈላጊ መኖሩን ማወቅ ከቅመማው ይከብዳል። አቅምሰህ «እንዴት ነው?» ካልክ የኛ ሰው የሰው ልፋት አያጣጥልም፤ «ግሩም ነው፣ እግዜር ይባርክህ» ብሎህ ይሄዳል። እኔ ዋጋውን ነግሬ ቀብድ መጠየቅ ጀመርኩ። ያኔ ምርቃቱ በዛ፣ ገንዘቡ አነሰ። ቀብድ የከፈሉት በአብዛኛው ተማሪዎችና ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩ ሾፌሮች ናቸው። ውኃ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ አኝከው፣ ቦርሸው፣ ይተፉታል። «ከዕፅዋት የተሠራ» ማለቴ ብዙም አልሳባቸውም፤ ዕፅዋቱማ መፋቂያውም ውስጥ አለ።

ያላሰብኩትን ጥያቄ ያመጡት እናቶች ናቸው፦ «ልጄ፣ የጾም ነው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንክብሉ መጭመቂያው ላይ እንዳይጣበቅ የሚገባው ማግኒዚየም ስቴሬት ከእንስሳ ስብም ከዘይትም ይሠራል። አቅራቢዬ ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ አደረግኩ፤ ከዚያ «የጾም» የሚለው ቃል ማሸጊያው ላይ በትልቁ ተጻፈ። ከማስታወቂያ ሁሉ የሠራልኝ እሱ ነው።

ስለ ፍሎራይድ ግን አልደራደርም። ጦስኝና ቅርንፉድ ጥሩ ሽታ ይሰጣሉ፤ ጥርስ እንዳይበላ በመከላከል ፍሎራይድን አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ነው። ይህን መጠን በእጅ ቀላቅሎ በየእንክብሉ እኩል ማዳረስ አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ስለዚህ «ፍሎራይድ የለውም» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ለልጆቻቸው የሚጠይቁኝንም ፍሎራይድ ያለውን እንዲገዙ እነግራቸዋለሁ። ፍሎራይድ ያለበትን የሚመዝንልኝ ላቦራቶሪ እየፈለግኩ ነው፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እስኪገኝ ሱቅ አይገባም።