ሌንሱ ምንም አልሆነም ነበር

ካሜራችሁ ማታ ማታ ብዥ ያለ ፎቶ እያነሳ ካስቸገራችሁ፣ ጠጋኝ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መስከረም 16 ደመራ ለማንሳት መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ጀምበር እስክትጠልቅ ያነሳሁት ሁሉ ቁልጭ ብሏል። ከመሸ በኋላ ያለው ግን ተጨማልቋል፤ ጧፍ የያዘው ሰው ከነጧፉ አይለይም።

ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው ፎቶዎቹን ከፍቶ እንኳ አላየም። ሌንሱን ወደ አምፖሉ ቀና አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ፈንገስ ይዞታል። መፈታት አለበት" አለኝ። ታዲያ ቀን ላይ ለምን ደህና ያነሳል? "ፈንገስ ማታ ነው የሚብሰው" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። ፈንገስ የያዘው ሌንስ ቀንም ፎቶ ያደበዝዛል፣ በተለይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን። ቀብዱን ተቀበለኝ። ከዚያ ነገ ና፣ ልጁ አልመጣም፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሰኞ ብቅ በል። ሲመልስልኝ የዙሙ ቀለበት አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኳኳል። ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀ። ያን ዕለት ማታ ጊዮርጊስ አካባቢ ሞከርኩት። ያው ብዥታ! እስካሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

መፍትሔው ብር አያስወጣም። ካሜራውን በረንዳዬ ግንብ ላይ አስቀመጥኩና ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርጌ ማዶ ያለውን የሱቅ ታፔላ አነሳሁ። ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። ሌንሱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የደመራውን ፎቶዎች መረጃ ከፍቼ ሳይ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/8 ሰከንድ ይላል። አውቶ ላይ የተተወ ካሜራ ብርሃን ሲያንስበት ሹተሩን ያዘገያል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ እጅም ሰውም ይንቀሳቀሳል።

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጃችሁ ነው። ሕንፃው ጥርት ብሎ ሰዎቹ ብቻ ከደበዘዙ እነሱ ተንቀሳቅሰዋል። ከኋላ ያለው ጠርቶ የፈለጋችሁት ሰው ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል።

ማንዋሉ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ተጠቀሙ፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ዝቅ አድርጉ ይላል። ማንዋሉን የጻፈው ሰው ትራይፖድ ሲዘረጋ "ፈቃድ አለህ?" የሚል ጥበቃ አጋጥሞት አያውቅም። ደግሞስ ትራይፖድ የሚራመድ ሰው ያቆማል? እኔ ሹተሩን ከ1/125 ሰከንድ የበለጠ አላዘገይም፣ አይ ኤስ ኦውን እስከ 3200 እለቀዋለሁ። ነጠብጣብ ይኖረዋል፣ ይኑረው። ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ፊት ያሳያል።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ደግሞ ዙም አታድርጉ፤ ተጠጉ። 55 ላይ የሚከፈተው እስከ 5.6 ብቻ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 18 ላይ 3.5 ስለሚደርስ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል። ገንዘብ ካላችሁ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር፣ 1.8 የሚከፈት ግዙ። ስትገዙም ቀለበቱን እዚያው ሻጩ ፊት አሽከርክሩት፤ ከተንኳኳ መልሱለት።