የመንጋጋ አጥንት ለውጥን በኮምፒውተር ስለካ የተሳሳትኩበት ቦታ

ባህር ዳር ማስተርሴን ስሰራ የያዝኩት ርዕስ የመንጋጋ ማስተካከያ ኦፕሬሽን ከተሰራ በኋላ አጥንቱ ምን ያህል እንደተቀየረ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲለካ ማድረግ ነበር። የ12 ሰው ሲቲ ስካን፣ ከኦፕሬሽኑ በፊትና ከአመት በኋላ የተነሳ፣ ስማቸው ጠፍቶ በኮድ ብቻ በፍላሽ ተሰጠኝ።

መጀመሪያ ስሪዲ ስላይሰር ላይ በእጄ ነጥብ እያስቀመጥኩ ነበር ምለካው፣ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። አንዱን ሰው ሰኞ ለክቼ ሐሙስ ስደግመው 1.5 ሚሊሜትር ተለያየብኝ፣ ምንፈልገው ለውጥ ራሱ እኮ አንዳንዴ 2 ሚሊሜትር ምናምን ነው! ያኔ ነው ስክሪፕት ወደ መጻፍ የገባሁት፣ ሁለቱን ስካን ያደራርብና ልዩነቱን በቀለም ያሳያል።

ግን አንዷ ታካሚ ላይ ዶክተሩ የታች መንጋጋዋን 6 ሚሊሜትር ወደፊት አመጣሁት ብለው ጽፈዋል የኔው 3 ብቻ ይላል፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። መብራት ሄዶ ባትሪዬም ሲያልቅ ጣና ዳር ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሁለት የደንገል ታንኳዎች ጎን ለጎን እየቀዘፉ ነበር፣ አንዱን ከሌላው አንፃር ስታዩት የቆመ ነው ሚመስለው፣ መሄዱ ሚታወቃችሁ ከማዶ ያለውን ዛፍ ስታዩ ነው። እኔ ለካ ሙሉውን ጭንቅላት ከነመንጋጋው ነበር ማደራርበው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ልዩነት ቀንስ ስለተባለ የሄደውን መንጋጋ ወደ ድሮ ቦታው እየጎተተ ሌላውን አጥንት ያዛባዋል። የራስ ቅሉን ወለል የፊት ክፍል ብቻ ይዤ ሳደራርብ፣ አዋቂ ላይ እሱ አያድግም ኦፕሬሽኑም አይነካውም፣ 5.7 መጣ።

ኮንዳይል ሚባለው ከጆሮ ፊት ያለው የመንጋጋ ራስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እሱ መቀነሱን ለማየት ከራስ ቅል ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ከተያያዘው፣ ከመቆረጫው ኋላ ካለው አጥንት ጋር ነው ሚደራረበው። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ደግሞ አጥንት መለያውን የድምቀት ቁጥር ትንሽ ከፍ ካደረጋችሁት ኮምፒውተሩ ራሱ ይበላውና ጤነኛውን ሰው አጥንቱ አለቀ ትላላችሁ፣ ስለዚህ ሁሉንም በአይኔ ነው ያየሁት። አማካይ ብቻ አትጻፉ፣ አንዱ ጋ 1 ጨምሮ ሌላው ጋ 1 ቢቀንስ ዜሮ ይመጣላችኋል። የስካኑ ቮክሰል፣ ምስሉ የተሰራበት ትንሿ ኩብ ማለት ነው፣ 0.4 ሚሊሜትር ስለነበር ከዛ በታች ያለውን ለውጥ አልቆጠርኩም።

የአንዷ ቀኝ ኮንዳይል አናቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ገደማ ቀንሶ አገኘሁት። ዶክተሩ ምስሉን እያዞሩ ብዙ ካዩት በኋላ በኮዷ ስልኳን ፈልገው ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ እንድትመጣ ደወሉላት።