ስዊንግ ፕሌንና ባት አንግል፣ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሀዋሳ ላይ ከልጆቹ ጋር ሰሞኑን ምንሰራው የቤዝቦል ስዊንግ ላይ ነው፣ ማለትም ባቱን (መምቻውን ዱላ) አወዛውዞ ኳስ መምታት ላይ፣ ስዊንግ ፕሌን ሚሉት ደግሞ ባቱ ሚሄድበትን መንገድ ነው፣ የገባኝን ላካፍላችሁ።

ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ሚወረውረው 25 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ቆሞ ነው፣ ኳሷንም ከትከሻው በላይ ነው ሚለቃት፣ ስለዚህ ፋስትቦል (ፈጣኗ ውርወራ) ቀጥ ብላ ምትመጣ ብትመስልም ሆም ፕሌት (መቺው አጠገብ መሬት ላይ ያለው ሰሌዳ) ጋ ስትደርስ 6 ዲግሪ አካባቢ ቁልቁል እየወረደች ነው፣ ከርቭ (ታጥፋ ምትወርድ ውርወራ) ከሆነችማ ከዛም ይብሳል። "እንጨት እንደምትፈልጥ ከላይ ወደታች ምታ" ሚለው ምክር ለዚህ ነው ማይዋጥልኝ። ባቱም ቁልቁል ከሄደ የኳሷን መንገድ አንድ ቦታ ላይ ቆርጦት ያልፋል፣ ትንሽ ከፈጠንክ ወይ ከዘገየህ አለቀ። በትንሹ ወደላይ ሚወጣ ስዊንግ ግን መስመሯ ላይ ቆየት ይላል። በ1941 እ.ኤ.አ .406 መትቶ (ከአስር ሙከራ አራቱን ገደማ ማለት ነው) የጨረሰው አሜሪካዊው ተጫዋች ቴድ ዊሊያምስም ሚያስተምረው ይሄንኑ ነበር።

ይሄ እንግዲህ የስዊንጉ አቅጣጫ ነው፣ አታክ አንግል ሚሉት። ባት አንግል ሌላ ነገር ነው፣ ኳሷን ባገኛት ሰዓት የባቱ ጫፍ ከእጅህ ምን ያህል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ዝቅ ያለች ኳስ ላይ ጫፉ በጣም ይወርዳል፣ ከፍ ያለች ላይ ባቱ ይተኛል። እና ይሄ ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከወገብ ነው ሚመጣው!

እኛ ቲ (ኳሷ ለመመታት ምትቀመጥበትን ማቆሚያ) የሰራነው ከፕላስቲክ ቧንቧ ነው፣ ስሩ አሸዋ የሞላ ጀሪካን፣ ቧንቧውን በጉልበትና በደረት ቁመት ቆርጠን እንቀያይረዋለን፣ ምንመታው ካልሲ ኳስ ነው ምክንያቱም ሩቅ አይሄድም። አንዱ ጓደኛችን የጉልበቷን ሲመታ ትከሻው ቀጥ እንዳለ እጁን ብቻ ነበር ወደታች ሚጥለው፣ አናቷን እየላጠ መሬት ለመሬት ይሰዳታል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ደረቱን ወደ ሆም ፕሌት ሲያዘነብል ባቱ ራሱ የትከሻውን መስመር ተከትሎ ወረደ፣ ኳሷ ቀጥ ብላ ወጣች፣ እጁን ምንም አልቀየረም እኮ።

ስልካችሁን ስሎው ሞሽን አድርጉና ባት አንግሉን ከኋላ፣ አታክ አንግሉን ከጎን ቅረጹ፣ በአንድ ቪድዮ ሁለቱም አይታዩም። ሌላው ደግሞ ባቱ ሚሄደው በቅስት ስለሆነ ቲዋን ወደ ፒቸሩ በኩል ጠጋ ስታደርጓት ያው ስዊንግ የበለጠ ወደላይ እየወጣ ያገኛታል፣ ወደኋላ ስትስቧት ገና እየወረደ። ስለዚህ ቪድዮ ስታወዳድሩ ቲዋ አንድ ቦታ ትሁን።

አሁን የያዝኩት ውጪ በኩል (ከኔ ራቅ ብላ) ዝቅ ያለችዋን ኳስ ነው፣ እሷን ወደኋላ አስጠግቶ መምታት ስላለብኝ ጎንበስታውም ሰዓቱም አንድ ላይ መምጣት አለባቸው። የሞከራችሁ ካላችሁ ቪድዮ ላኩልኝ።