ጊሲንክ ያሸነፈበት አዳራሽ

ቶኪዮ ገብቼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኒፖን ቡዶካን ነው። ከኩዳንሺታ ጣቢያ ወጥቼ አጭር ዳገት ወጣሁ። የድሮውን ግንብ የውኃ ቦይ ተሻግሬ በትልቁ የታያሱ በር ስገባ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ጣሪያ ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለ። አዳራሹ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ለተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የጁዶ ውድድር ነው። ጁዶ ኦሎምፒክ የገባውም ያኔ ነው።

እዚህ ድረስ ያመጣኝ የዩትሬክቱ ልጅ፣ ሆላንዳዊው የጁዶ ተጋጣሚ አንቶን ጊሲንክ ነው። ቁመቱ 1.98 ሜትር ስለነበር ብዙ ሰው ግዝፈቱን ብቻ ያነሳል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሰውየው ጃፓን ድረስ እየመጣ፣ ቴንሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጃፓኖቹ ጋር እየወደቀና እየተነሳ የተማረ ነው። በ1956 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። በ1961 ፓሪስ ላይ ኮጂ ሶኔን በፍጻሜው ረትቶ ጃፓናዊ ያልሆነ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔ የማደንቀው በእነዚህ ሁለት ውድድሮች መካከል ያለውን ልፋት ነው።

አዳራሹን እየዞርኩ የ1964ቱን ፍጻሜ አሰብኩ። የጁዶ ውድድሩ አራት ምድብ ነበረው። ሦስቱን ወርቅ ጃፓኖች ወስደዋል። የቀረው የክብደት ገደብ የሌለበት ምድብ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጠብቀውም እሱን ነበር። ጊሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በማጣሪያው አንዴ አሸንፎታል። በፍጻሜው ደግሞ ተገናኙ። ዘጠኝ ደቂቃ አልፎ ካሚናጋ ለመጣል ሲገባ ጊሲንክ መሬት ላይ አስቀረውና በኬሳ ጋታሜ፣ ማለትም ከጎን ደረቱ ላይ ተጭኖ በመያዝ፣ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ያኔ ለኢፖን፣ ማለትም ግጥሚያውን ወዲያው ለሚያበቃው ሙሉ ነጥብ፣ 30 ሰከንድ አጣብቆ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ካሚናጋ ማምለጥ አልቻለም።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ሁሌም ልቤን የሚነካው። ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ጊሲንክ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። የሕይወቱን ትልቁን ድል ባገኘባት ቅጽበት መጀመሪያ ያሰበው ስለ ተጋጣሚውና ስለ ምንጣፉ ክብር ነው። ጃፓን ውስጥ እስከ ዛሬ በአክብሮት የሚነሳው በዚህ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ጂምቦቾ ላይ ባቡር ቀይሬ ካሱጋ ወረድኩ። የጁዶ ዋና ማዕከል የሆነው ኮዶካን እዚያ ነው። ደጁ ላይ የጁዶ አባት የጂጎሮ ካኖ ሐውልት ቆሟል። ካኖ በ1882 ማስተማር የጀመረው በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ12 ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) ላይ ነበር። አሁን ሰባተኛው ፎቅ ላይ ያለው ዋናው አዳራሽ ብቻ 420 ታታሚ ይሆናል። ስምንተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ልምምዱን አየሁ። ጀማሪዎቹ አወዳደቅ ይለማመዳሉ። ጠንካሮቹ አንዱን ጥለው ወዲያው ሌላ ተጋጣሚ ይጋብዛሉ። ጊሲንክን የሠራው እንዲህ ያለው ልምምድ ነው፤ በቴሌቪዥን ፍጻሜውን ብቻ ለሚያይ ሰው ይሄ አይታየውም።

ጊሲንክ በ1965 ሪዮ ላይ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከምንጣፍ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ነጭ ከሚለብሱ አንዱ ተጋጣሚ ሰማያዊ የጁዶ ልብስ እንዲለብስ አጥብቆ ተከራከረ። ጃፓኖች ብዙ ተቃወሙ፣ በዓለም አቀፍ ውድድር ግን ሐሳቡ አሸነፈ። በመላ ጃፓን ሻምፒዮና ግን ሁለቱም ተጋጣሚዎች አሁንም ነጭ ነው የሚለብሱት፤ የክብደት ገደብም የለም። ውድድሩ ቡዶካን ውስጥ በጸደይ ይካሄዳል። ቀጣዩን ጉዞዬን የማደርገው ለእሱ ነው።