ሐበሻ ጌይ ወንዶችን ወደ ኤችአይቪ ምርመራ ማምጣት፦ ለንደን ላይ የተማርኩት

ለንደን ውስጥ ባለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በበጎ ፈቃደኝነት እሠራለሁ። ሥራችን ጌይ ወንዶችን ስለ ኤችአይቪ ማስተማርና መመርመር ነው። ማታ ማታ ሶሆና ቮክሶል ያሉ ባሮች እንገባለን፣ ኮንዶም እናድላለን፣ መመርመር የፈለገውን ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል እንመረምራለን። እኔም ጌይ ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ወደዚህ ሥራ የገባሁት የሀገሬ ልጆች ይህ ሁሉ አገልግሎት ደጃቸው ላይ እያለ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ አይቼ አላስችል ስላለኝ ነው።

አገልግሎቱ ሞልቷል። እንግሊዝ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ (እንደ ፈረንጆቹ) የኤችአይቪ ሕክምና የመኖሪያ ወረቀት ላለውም ለሌለውም ነፃ ነው። ቫይረሱ እንዳይዝህ አስቀድመህ የምትወስደው ክኒን፣ ማለትም ፕሬፕ፣ ከ2020 ጀምሮ በመንግሥት ክሊኒኮች በነፃ ይሰጣል። ክሊኒኩ ውስጥ ትክክለኛ ስምህን እንኳ የመናገር ግዴታ የለብህም። ታዲያ ልጆቹ ለምን አይመጡም?

አንዱ ምክንያት ያደግንበት ትምህርት ነው። መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም። በሬዲዮ ሰማነው፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ሰማነው፣ በየግድግዳው አነበብነው። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ የነበሩት ወንድና ሴት ብቻ ናቸው። የእኛ ነገር በሕግ ወንጀል ስለሆነ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? ስለዚህ «ከሴት ጋር ካልሆነ አይዝም» ብሎ አምኖ እዚህ የደረሰ ልጅ አጋጥሞኛል፣ አንድ ብቻም አይደለም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያለ ኮንዶምና ያለ ፕሬፕ በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ከሌላው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሁሉ በላይ ቫይረሱን ያስተላልፋል፣ ምክንያቱም የውስጡ ሽፋን ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቆስላል። ይህን በአማርኛ ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል፣ አፍ ይያያዛል። እኔ ግን ቃሉን ሳልሸሽ እጠራዋለሁ። እኔ ካላፈርኩ ሰውየውም ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ ይጎርፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቫይረሱም በላይ ያስፈራል፦ መታየት። የለንደን ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አንድ ልጅ ክሊኒክ ሄዶ አማርኛ አስተርጓሚ ተጠራለት። አስተርጓሚው ሲገባ ልጁ ጃኬቱን አንስቶ ምንም ሳይናገር ወጣ። እሁድ እሁድ በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን የሚያየው ሰው ነበር። ክሊኒኩ በቅንነት ነው ያደረገው፣ በቋንቋህ እናናግርህ ማለት መልካም ነገር ነው። ለእኛ ግን ያው መልካም ነገር በር ይዘጋል። አሁን ማንንም ሐበሻ ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ቋንቋ፣ ከማን ጋር ማውራት ትፈልጋለህ?» ብዬ ነው። አንዳንዱ ሌላ ከተማ ካለ አስተርጓሚ ጋር ስሙን ሳይናገር በስልክ ማውራት ይመርጣል። አንዳንዱ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ከፈረንጅ ጋር ይሁንልኝ ይላል። እኔንም ሲያየኝ የሚደነግጥ አለ። ያኔ ለባልደረባዬ ትቼለት ዞር እላለሁ።

የታተመ ወረቀት ለእነዚህ ልጆች መስጠት አቁመናል። አንድ ክፍል ለአራት የሚኖር ሰው ኪስ ውስጥ «ጌይ» የሚል በራሪ ወረቀት ቢገኝ የሚያድርበት ቤት ሊያጣ ይችላል። በድምፅ ቀድተን በቴሌግራም እንልካለን፣ ሰምቶ ያጠፋዋል። በፖስታ የሚላከው የምርመራ ዕቃ ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፣ ቢሆንም ደብዳቤ የሚከፍት የቤት ጓደኛ ካለ ከእኛ ዘንድ መጥቶ እንዲወስድ እንነግረዋለን። ብዙው ሰው ዕቃውን ከፍቶ ደሙ አልበቃ ብሎት ይተወዋል። መላ አለው፦ እጅህን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየው፣ ቆመህ ጣትህን ውጋ፣ ክንድህን ወደ ታች አውርደው፣ ከመዳፍህ ወደ ጣትህ ቀስ እያልክ እሸው። ጫፉን አትጭመቀው።

ባር ውስጥ የምንጠቀምበት ፈጣኑ ምርመራ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ከጣትህ የወጣች ጠብታ ደም ከመጀመሪያዋ ብልቃጥ ጋር ተቀላቅላ ትፈሳለች፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። አንድ ሰማያዊ ነጥብ ከታየ ነጋቲቭ ነው፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ግን አያረጋግጥልህም። ሁለት ነጥብ ከታየ ላቦራቶሪ ማጣራት አለበት። ሁለት ነጥብ ሲወጣ ብዙ አላወራም። አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ስለ ሞት ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም ልጅ ሆነን ያየነው ኤድስ የሚገድል ነበር። ያኔ ነው ስለ መድኃኒቱ የምነግረው። በ2019 ውጤቱ የወጣ ጥናት በ14 የአውሮፓ አገሮች አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። ቫይረሱ ያለበት መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ያለ ኮንዶም 76 ሺህ ጊዜ ያህል ተገናኝተው ከፍቅረኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። አንዱ «ታዲያ ሰው ልሳም እችላለሁ ማለት ነው?» አለኝ። ይህን ያህል ዓመት መሳም እንኳ ይከለከላል ብሎ ፈርቶ ኖሯል።

ይህን የምታነበው አንተም እንደኛ ከሆንክ፣ ፕሬፕን በየቀኑ መዋጥ ግድ አይደለም። ከግንኙነቱ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ሁለት ክኒን፣ ከዚያ በ24 ሰዓት አንድ፣ ከዚያ በ24 ሰዓት ሌላ አንድ። ግን ራስህ ገዝተህ አትጀምር፣ መጀመሪያ ክሊኒክ ይመርምሩህ፣ ኩላሊትህንም ይዩልህ። ያለ መከላከያ ተገናኝተህ ነገሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቫይረሱ እንዳይዝህ የሚወሰድ ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። ቅዳሜ ማታ የሆነ ነገር ካለ ሰኞ ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቅ። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ከሆንክ በአቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባና «ፔፕ እፈልጋለሁ» በል። እዚያ ያሉት ያውቁታል።