ዋስ የጠፋበት ሰፈር

ሰሞኑን ደብሮኛል። ለምን ብባል የምለው የለኝም። ሰኔ ሲገባ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል፤ ሰማዩ ዝቅ ይላል፣ ጣና አመድማ ይሆናል፣ ቤት መግባቱም ውጭ መቆየቱም እኩል ያስጠላኛል። ትናንት ከሥራ ስወጣ ባጃጁን ትቼ በሐይቁ ዳር በአዲሱ የእግረኛ መንገድ አቀናሁ። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም። ንጣፍ የሚያነጥፉ ልጆች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። አንደኛው ሲሚንቶ የደረቀበት ጓንቱን በጥርሱ ይዞ ስልኩን እያየ፣ «ነገ ሥራ አለ እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «እንጃ፣ ካለ ማታ ይደውላሉ» አለው። «ለስንት ሰው?» «እሱንም ማታ ነው የሚነግሩን።»

ከዚያ ወዲያ ሐይቁንም መንገዱንም አላየሁም። ማታ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ስለሚቀጥለው ወር ምን ማሰብ ይችላል? የወር ዕቁብ አይገባም፤ ከየት አምጥቶ ይጥላል? የኪራይ ውል አይፈርምም። ልጁን የሚከፈልበት ትምህርት ቤት አያስመዘግብም። ሐምሌ 2016 የብሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዛሬ የተገኘው ነገ ያንኑ አይገዛም። በየስብሰባው «ወጣቱ ሥራ አይወድም፣ ጠባቂ ሆኗል» ሲባል ስሰማ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። መሀል ከተማ ያሉትን የቀበሌ ቤቶች አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም።

እኔ ባደግሁበት የቀበሌ ቤት ግቢ የምትኖር የእትዬ ጥሩ ትንሿ ልጅ አለች። ባለፈው ወር አንድ ሆቴል ለካሸርነት ተወዳድራ አለፈች፤ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም። ከዚያ ዋስ አምጪ ተባለች። ዋሱ የወር ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣት አለበት፤ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ከሆነ ደግሞ አይሆንም። ልጅቷ ግቢውን ዞረች፣ ጎረቤቱን ዞረች፣ አጣች።

ግቢውን እኔም በልቤ ዞርኩት። እናቷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሲነጋ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አጠገባቸው ያሉት ጋሽ ይ. የሰው ባጃጅ ይነዳሉ፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባሉ፣ የተረፈው የእሳቸው ነው። ማዶ ያሉት ወንድማማቾች ኮብልስቶን ይጠርባሉ፤ ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል። ጓሮ ያለችው ጠላ ትጠምቃለች፤ ልጇ ጣና ገበያ ሸክም ይሠራል። እዚያ ግቢ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው የለም። ደብዳቤ ማጻፍ የሚችል ግን አንድም የለም። ሥራ ሁሉ አንድ አይደለምና፣ አንዳንዱ ሥራ የዛሬን ጉሮሮ ይደፍናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሌላው ሰው በር ይከፍታል። እኛ ሰፈር የቀረው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያው ግቢ ሁለት የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተከትሎት መጣና መብራት ሰጠው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ፋብሪካው ማለት የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነበር። ባለ ካሬ ደብተር፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ፣ የዘይት ጣት ያረፈበት። ከላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስም፤ ከሥሩ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር። የደመወዝ ቀን የሁለቱ ሴቶች ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ይሰረዝ ነበር። ባለሱቁ በዚያች ቁርጥ ባለች ገንዘብ ተማምኖ ነው ለእትዬ ጥሩም፣ ለተሸካሚውም፣ እንጨት ለምትሸጠዋም ዱቤ የሚሰጠው። እነሱ እንዳገኙ ይከፍላሉ፤ ባያገኙም ባለሱቁ አይወድቅም። የሁለት ሰው ደመወዝ ለግቢው ሁሉ ክረምት ማሻገሪያ ነበር።

ለእኔ የመጀመሪያ ሥራ ዋስ የሆነችኝም ከሁለቱ አንዷ ናት፣ ፈትል ክፍል የምትሠራዋ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ሳትተኛ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ መጥታ ፈረመችልኝ። «አደራ» እንኳ አላለችኝም።

ኋላ በማኅበር ተደራጅታ ቦታ አገኘችና ከከተማው ዳር ቤት ሠርታ ወጣች። ሌላዋ ጡረታ ወጥታ ልጇ ዘንድ ሄደች። እኔም ወጣሁ። ጣሪያው ከሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ የስምንት ቤተሰብ ከሆነ ግቢ ለምን ወጣህ የሚል ሰው የለም። ግን ደመወዝ ያገኘ ሁሉ ከወጣ፣ ሥራ የለወጠው ሰፈሩን ነው ወይስ ከሰፈሩ የወጣውን ሰው?

ይህ የእኛ ብቻ አለመሆኑን አውቃለሁ። ዊሊያም ጁሊየስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ የቺካጎን ድሃ ሰፈሮች አጥንቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ሥራው ጠፋ፤ አቅም የነበራቸውም ሰፈሩን ለቀቁ፤ የቀሩት ሰዎች ከገንዘቡ ሌላ ከሥራ የሚያገናኛቸውን ሰው አጡ። በፈረንጆቹ 1994 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ5 ከተሞች ድሃ ቤተሰቦች ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲዛወሩ የኪራይ ድጎማ በዕጣ መስጠት ጀመረ። የወላጆቹ ገቢ በመዛወራቸው አልጨመረም። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች ግን ካደጉ በኋላ ሲታይ፣ ዕጣው ካልደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች 31 በመቶ የበለጠ ያገኙ ነበር። ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ልጄን ይዤ መውጣቴ ለልጄ በጀ ማለት ነው። እዚያ የቀሩት ልጆችስ ዕጣ እስኪወጣላቸው ይጠብቁ?

ታዲያ ፋብሪካ ይምጣልን ብሎ መጮህ ነው? እሱንም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን በ5 ድርጅቶች ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ተከታትለው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሥራው በዕጣ ከደረሳቸው ውስጥ 77 በመቶው ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ደመወዙ ከድርጅቶቹ ውጭ ከሚገኘው ገቢ አይሻልም፤ ሥራው ደግሞ ጤና ይነሳል። በሥራው ፈንታ 300 ዶላር ገደማ መነሻና ሥልጠና የተሰጣቸው ገቢያቸው በመጀመሪያው ዓመት 33 በመቶ ከፍ አለ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የለቀቁትን ሰነፍ ለማለት የሚቸኩል ሰው ይኖራል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ቤት ኪራዩንና ምሳውን የማይሸፍን ደመወዝ ማንንም አያቆይም፤ ያልቆየ ሰው ደግሞ ለማንም ዋስ አይሆንም። ፈትል ክፍል የነበረችዋ ለሰፈሩ ያን ሁሉ የሆነችው ዓመት ከዓመት ስለቆየች ነው።

ስለ ሐይቁ ዳር ካነሳሁ ደግሞ የነገደ ወይጦን ሰዎች ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት እነሱ ናቸው፤ ከተማዋ ወደ ውኃው በሰፋች ቁጥር ወደ ኋላ የሚገፉትም እነሱ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በጥቂት ወራት ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ሆቴልና መዝናኛ በደጃቸው ሲቆም፣ ዕድል ከማንም በፊት ለእነሱ ቅርብ መሆን ነበረበት። ግን በማዕድ እንኳ ተገልለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የእትዬ ጥሩ ልጅ ዋስ ካጣች የእነሱ ልጅ የማንን በር ያንኳኳል? ይህ የሁላችንም ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ብቻ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ለትንሿ እኔ ፈርሜላታለሁ። ሥራ ጀምራለች። አብራት የተፈተነችው ጓደኛዋ ግን ቀረች፤ መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሠራተኛ ሁለተኛ የዋስትና ደብዳቤ አይጽፍም። ልጅቷ ከትንሿ የተሻለ ነጥብ ነበራት።

ሌሊቱን ይህን ሳብሰለስል ዕድራችን ትዝ አለኝ። ከሰፈሩ ብወጣም ከዕድሩ አልወጣሁም። ፈትል ክፍል የነበረችዋም አልወጣችም፤ ዛሬም በየወሩ እየመጣች ትከፍላለች። የወጡትና የቀሩት አሁንም አንድ መዝገብ ላይ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ዕድሩ ማኅተም አለው፣ የባንክ ደብተር አለው፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው። ልጆቹን ከክርስትናቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ማን ታማኝ እንደሆነ ከየትኛውም ቀጣሪ በላይ ያውቃል። ታዲያ ለሰፈሩ ልጅ ዕድሩ ለምን ዋስ አይሆንም? ቀጣሪው የአንድ ሰው ደብዳቤ ከሚቀበል የሁለት መቶ አባወራ ማኅተም ቢቀበል ምን ይጎዳዋል?

እሑድ ስብሰባ አለ፤ ላነሳው ነው። ሰብሳቢው የሚሉኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። «ልጄ፣ ይህ የቀብር ገንዘብ ነው። አንዱ የሰው ገንዘብ ይዞ ቢሰወር ሬሳችንን በምን እናነሳለን?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። የቀብሩ ሳይነካ፣ ደመወዝ ያለን አባላት ብቻ የምናዋጣው ሌላ ሒሳብ ይከፈት እላለሁ። ለአንድ ልጅ እስከ ስንት ብር እንደምንዋስ አስቀድመን እንቁረጥ እላለሁ። እስከዚህ አይከብደኝም። ጉድለት የመጣ ቀንስ? ከቤተሰቡ ይጠየቅ ካልን እትዬ ጥሩ ከእንጀራው ላይ ምን ቆርጣ ትከፍላለች? አይጠየቅ ካልንስ ገንዘቡ ስንት ልጅ ድረስ ይዘልቃል? ለዚህ መልስ አላገኘሁም። በዕድር ቤት ያደጋችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ እስከ እሑድ ንገሩኝ።