ግሌን ሞሬይን ቀመስኩት
ዛሬ ማታ ግሌን ሞሬይ ክላሲክ ከፈትኩ። ከሲንግል ሞልት ውስኪዎች ዋጋቸው ቀለል ካሉት አንዱ ነው፣ ስትቀምሱት ግን ርካሽ ነው አትሉም። መጀመሪያ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፣ ቀድሞ ቦርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት በርሜል ያመጣው ነው። ከዚያ ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበትና የብቅሉ ጠረን መጣ፤ እናቴ ለጠላ ብቅል ስታሰጣ ግቢውን የሚሞላው ሽታ ትዝ ብሎኝ ብርጭቆውን ይዤ ዝም ብዬ ቆየሁ። ሲንግል ሞልት ማለትም ይኸው ነው፣ የገብስ ብቅል ብቻ፣ ከአንድ ማምረቻ።

ማምረቻው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤልጊን፣ ሎሲ ወንዝ ዳር ነው። ድሮ ቢራ ይጠመቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ወደ ውስኪ ዞረ፣ በ1910 ተዘጋ፣ በ1923 እንደገና ተከፈተ። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ከርሞ መመለሱ በጣም ደስ ይለኛል።

ነገ ወንድሜ ስለሚመጣ አስቀርቼለታለሁ።